የእማዬ ሽቶ ተበላሸ፤ ሰርጉ እሁድ ነው!

ጠያቂ (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)፦ ጎበዝ፣ ድረሱልኝ። እሁድ እህቴን እንድራለን። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጅቡቲ ለእማዬ ያመጣላት ሽቶ አለ፤ «ለልጄ ሰርግ» ብላ ሳትነካው አስቀምጣዋለች። ዛሬ ሳየው አንድ ጣት ያህል ጎድሏል፣ ውሃ ይመስል የነበረው ማር መስሏል፣ ስረጨው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። የፋርማሲ አልኮል ልጨምርበት?

የሰብያን ልጅ፦ አቦ አብሽሪ! ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው።

መጋላ፦ እህቴ፣ ፎርጅድ ነው። ኦሪጅናል ቀለም አይቀይርም። ታይዋን ገበያ ሄደሽ አዲስ ግዢላት።

ጠያቂ፦ አዲስ አትፈልግም። የአባቴን ነው የምትፈልገው።

ኬሚስቱ፦ ቀለም ስለቀየረ ፎርጅድ አይባልም። ቫኒላ ያለበት ሽቶ ሲቆይ ይጠቁራል። ሽቶ ማለት መዓዛ ያለው ዘይት በኤታኖል፣ ማለትም በአልኮል፣ ሲሟሟ ነው። ኤታኖል የሚፈላው በ78 ዲግሪ ቢሆንም ለመትነን መፍላት አይጠብቅም፤ በድሬ ሙቀት በመርጫው ዙሪያ ቀስ እያለ ይወጣል። የጎደለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ አፍንጫ የሚመታው የሎሚና የብርቱካን ሽታ አየር ሲያገኘው ቀድሞ ይበላሻል። ከሥር ያለው ሰንደልና ምስክ ግን ከባድ ስለሆነ ይቆያል። የት ነበር የተቀመጠው?

ጠያቂ፦ መስኮቱ ሥር፣ ኮመዲኖ ላይ። ቤታችን ቆርቆሮ ነው።

ኬሚስቱ፦ ብርሃንም ሙቀትም አግኝቶታላ!

የጀጎል እናት (ሐረር)፦ ልጄ፣ ከባዱ ሽታ እንደሚቆይ እኔም እመሰክራለሁ። የጥርኝ ዝባድ ከአገራችን በቀንድ ታሽጎ ባሕር ተሻግሮ ይሄድ የነበረው የፈረንጅ ሽቶ ቶሎ እንዳይጠፋ ብለው ነው። አልኮሉን ተዪው።

ሸዋ በር፦ እውነታቸውን ነው። የፋርማሲው 70 ከመቶ ነው፣ የቀረው ውሃ። ዘይቱ ከውሃ አይስማማም፤ ይደፈርስብሻል። ይልቅ አሁን አሮጌ ነጭ ጨርቅ ላይ ሁለቴ ርጪና ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። የተበላሸው ያ መጀመሪያ አፍንጫ የሚመታው ሽታ ብቻ ከሆነ ተንኖ ይሄዳል። ያረጀ ሽቶ ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል ዛሬውኑ ክንዷ ላይ በጥቂቱ ሞክሩት። ነጠላዋን ግን አደራ! ያ ማር የመሰለው ነጭ ላይ ምልክት ይተዋል።

ሌላ አባል፦ ፍሪጅ ሞክረሻል?

ኬሚስቱ፦ ፍሪጅ ደህናውን ያቆያል እንጂ የተበላሸውን አይመልስም።

ጠያቂ፦ ጨርቁ ላይ ረጨሁት። መጀመሪያ ያው ነው። ቡና አፍልቼ ስመለስ ያ የሚኮመጥጠው የለም፤ ሰንደል ሰንደል ይላል። እማዬ ከጓዳ ወጥታ ጨርቁን ከእጄ ተቀበለችኝና እስካሁን አልመለሰችልኝም። ቢጫ ነጥብ ይዟል፣ ስለዚህ ነጠላው ቀርቷል። ክንዷን እስከ ነገ እናያለን።

ገንደ ቆሬ፦ የኔ ደግሞ ሙሉ ነው፣ መርጫው ነው እምቢ ያለው። በመርፌ ልክፈተው?

ሸዋ በር፦ በመርፌ አይሆንም! አፉን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው።