ኔክስትክላውድ ስጭን "0770 አድርጊ" እያለ አላሳልፍ አለኝ፤ መብራት ሲመለስ ደግሞ ሰርቨሩ አይነሳም

መምህርት ከኮዬ፦

ሰላም ወገኖች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ አይሲቲ አስተምራለሁ። መምህራኑ የፈተና ወረቀት፣ ማርክ ሊስትና ወርክሺት የሚለዋወጡት በፍላሽና በቴሌግራም ነው። ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፣ ቴሌግራሙ ደግሞ ከየኪሳቸው የሞሉትን ዳታ ይበላል። ስለዚህ በራሳችን ዋይፋይ ብቻ የሚሠራ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ የፋይል ማስቀመጫ ላቆምላቸው ብዬ ኔክስትክላውድን መረጥኩ። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ የስልክ አፕም አለው።

ማሽኑ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፣ 4 ጊጋ ራም። ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩበት። ኔክስትክላውድ የሚፈልጋቸው አፓቼ (ዌብ ሰርቨሩ)፣ ማሪያዲቢ (ዳታቤዙ) እና ፒኤችፒ 8.3 ይሠራሉ። የውስጥ ዲስኩ ትንሽ ስለሆነ ዳታው ትምህርት ቤቱ ባለው 1 ቴራ ኤክስተርናል ላይ እንዲቀመጥ ነው የፈለግኩት። ጣጣው እዚህ ጋ ጀመረ።

የመጫኛ ገጹ በብራውዘር ይከፈታል። የአድሚን ስምና ፓስዎርድ ሞልቼ የዳታ ፎልደሩን ስሰጠው፣ ፎልደሩን ሌላ ተጠቃሚ ሊያነበው ይችላል፣ ፈቃዱን 0770 (ባለቤቱና ቡድኑ ብቻ እንዲደርሱበት) አድርጊ ይለኛል። እሺ ብዬ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ቀየርኩ። ትእዛዙ ምንም ኤረር ሳያወጣ ያልፋል። ዝርዝሩን ሳየው ግን ፎልደሩ እንደነበረው ለሁሉም ክፍት ነው። ባለቤቱን ወደ አፓቼ ተጠቃሚ ስቀይርም እንደዚያው፣ ዝም ብሎ ያልፍና ባለቤቱ ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) እንደሆነ ይቀራል።

ሁለተኛው ችግር የመብራት ነው። ዲስኩ በራሱ እንዲያያዝ ኤፍስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያያይዛቸው ዲስኮች የሚጻፉበት ፋይል) ላይ አስገብቼው ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ዲስኩን እየጠበቀ ቆየና "ኢመርጀንሲ ሞድ" ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ቀረ። ሰርቨሩ ያለው መዝገብ ቤት ነው፣ ስክሪንም ኪቦርድም የለውም፤ ከላብ ተሸክሜ መሄድ ነበረብኝ። እዚህ ሰፈር መብራት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በናታችሁ የሚያውቅ ይርዳኝ።

ጀሞ_ቴክ፦

መምህርት እኔ ሲቸግረኝ 777 (ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ) ሰጥቼ ነው የማልፈው። እምቢ ካለሽ ደግሞ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ የዳታ ፎልደሩን ፈቃድ የሚመረምረውን ነገር ፎልስ ማድረግ ይቻላል። ትገላገያለሽ።

የሰበታው፦

ጀሞ፣ ወንድሜ፣ 777 እኮ የባሰ ነው። ሶፍትዌሩ የሚጮኸው ፎልደሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ነው፣ አንተ ደግሞ የበለጠ ክፈቺው እያልካት ነው። ምርመራውን ማጥፋትም ኤረሩን ይደብቃል እንጂ ፎልደሩን አይዘጋውም። የፈተና ወረቀት የሚቀመጥበት ቦታ መሆኑን አትርሳ።

መምህርት፣ ችግሩ የፈቃዱ ትእዛዝ አይደለም፣ የዲስኩ ፎርማት ነው። የዲስኮችን ዝርዝር የሚያሳየውን ትእዛዝ ኤልኤስቢኤልኬ ብለሽ ከኋላው ሰረዝ ኤፍ ጨምሪበትና ዲስኩ ፊት ለፊት ምን እንደሚጽፍ እዪ። ኤንቲኤፍኤስ እንደሚል እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ገበያ ላይ የሚሸጡት ኤክስተርናሎች አብዛኞቹ ለዊንዶውስ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። ኤንቲኤፍኤስ የሊኑክስን የባለቤትና የፈቃድ አሠራር በራሱ አይዝም። ፈቃዱ የሚወሰነው ዲስኩ በሚያያዝበት ሰዓት ነው፣ ለሁሉም ፋይል በጅምላ። ከዚያ በኋላ የምትሰጪውን ለውጥ ሾፌሩ (ዲስኩን የሚያነበው ፕሮግራም) ተቀብሎ ዝም ይላል። ኤረር የማታዪው ለዚህ ነው፣ ሰውን የሚያደናግረውም ይኸው ዝምታ ነው።

ሁለት መንገድ አለሽ። ዲስኩን ሳትነኪ ማለፍ ከፈለግሽ ኤፍስታቡ መስመር ላይ ዩአይዲ 33 (ባለቤቱ)፣ ጂአይዲ 33 (ቡድኑ)፣ ዩማስክ 0007 (ለሌሎች ፈቃዱን የሚነሳው) ብለሽ ጨምሪ። 33 ኡቡንቱ ላይ አፓቼ የሚሠራበት ተጠቃሚ ቁጥር ነው። ዲስኩን ነቅለሽ መልሰሽ ስታያይዢው ፎልደሩ 0770 ሆኖ ይነሳል፣ መጫኛውም ያልፋል።

እኔ ግን ይህን ለዘለቄታው አልመክርሽም። መብራት በድንገት ሲሄድ ኤንቲኤፍኤስ በትክክል ያልተዘጋ የሚል ምልክት ይይዝና፣ ሊኑክስ አንዳንዴ ጭራሽ አላያይዝም ይላል፣ አንዳንዴ ለንባብ ብቻ ያያይዘዋል። ከዚያ ዊንዶውስ ያለው ማሽን ፈልገሽ እዚያ ማስጠገን ሊኖርብሽ ነው። ኢኤክስቲ4 የሚባለው የሊኑክስ ፎርማት የፋይሎቹን አደረጃጀት ለውጥ አስቀድሞ ጆርናል (የለውጥ መዝገብ) ላይ ስለሚመዘግብ ከድንገተኛ መጥፋት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አስተካክሎ ይነሳል። ኮዬም ሆነ እኛ ጋ ሰበታ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ ወደ ኢኤክስቲ4 ፎርማት አድርጊው። ፎርማት ማለት ሙሉ በሙሉ መጥፋት ነው፣ ዲስኩ ላይ የትምህርት ቤቱ ፋይል ካለ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጪ። የገለበጥሽውንም ከፍተሽ ሳታዪ እንዳትጀምሪ።

ለገጣፎ24፦

የሰበታው ያለውን ሁሉ እደግፋለሁ፣ ስለ ኢመርጀንሲ ሞዱ ልጨምር። ኤፍስታብ ላይ የተጻፈ ዲስክ ማሽኑ ሲነሳ ካልተገኘ ማሽኑን የሚያስነሳው ሲስተምዲ 90 ሰከንድ ጠብቆ ሥራውን ያቆማል፣ አስፈላጊ ዲስክ ነው ብሎ ስለሚያስብ። የራሱ አዳፕተር ያለው ኤክስተርናል ከሆነ ደግሞ መብራት ሲመጣ ሶኬቱ ላላ ብሎም ሊቀር ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፣ ኖፌይል የሚለውን ኦፕሽን ጨምሪ። ዲስኩ ቢኖርም ባይኖርም ማሽኑ ይነሳል፣ አንቺም ከላፕቶፕሽ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ በኩል) ገብተሽ ታዪዋለሽ። ስክሪን መሸከም ቀረ ማለት ነው።

ዲስኩን በኤስዲቢ1 ስም ከጻፍሽው ደግሞ ወደ ዩዩአይዲ (የዲስኩ የራሱ መለያ ቁጥር) ቀይሪው። ሌላ ፍላሽ ተሰክቶ ማሽኑ ከተነሳ ስሙ ሊቀያየር ይችላል፣ ዩዩአይዲው ግን ያው ነው። ፎርማት ካደረግሽ በኋላ ግን አዲስ ዩዩአይዲ ስለሚሰጠው የድሮውን እንዳትተዪው።

ኖፌይል ስታደርጊ አንድ የምትጠብቂው ነገር አለ። ዲስኩ ሳይያያዝ ሰርቨሩ ከተነሳ ኔክስትክላውድ የሚያገኘው ባዶ ፎልደር ነው። የዳታ ፎልደሩ ልክ አይደለም ይልሻል፣ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ የሚፈልጋትን የተደበቀች ምልክት ፋይል አያገኝም። ይህን ስታዪ ፋይሉ ጠፋ ብለሽ አትደንግጪ፣ ፋይሏንም በእጅሽ እንዳትፈጥሪ። ያቺ ምልክት ባዶ ፎልደር ላይ መጻፍ እንዳይጀምር የምትጠብቅሽ ናት። ዲስኩን አያይዢና ገጹን እንደገና ክፈቺ፣ ሁሉም ቦታው ነው።

አያት_ጥገና፦

መምህርት፣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ካሉ ሁለት ነገር ይመልከቱልኝ። አንደኛው ባዮስ (ማሽኑ ገና ሲበራ የሚገባበት ሴቲንግ) ውስጥ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲበራ የሚያደርገው ነው፤ ብዙ ጊዜ ስሙ ውስጥ ኤሲ ፓወር የሚል አለበት። ይህ ካልበራ የኤፍስታቡ ሥራ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ መጥቶ ቁልፉን የሚጫን ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው፣ ሲአር2032 የምትባለዋ ክብ ባለ 3 ቮልት። ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያስተካከሉት ሴቲንግም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ኢንተርኔት ያለው ማሽን ሰዓቱን ራሱ ያርማል፤ የእርስዎ ግን ዝግ ኔትወርክ ላይ ስለሆነ እንደተሳሳተ ይቀጥላል፣ ፋይሎቹም የተሳሳተ ቀን ይይዛሉ። ለአፕዴት ኢንተርኔት ሲያገናኙት ደግሞ ሰዓቱ እስኪታረም ድረስ ኡቡንቱ የሪሊዝ ፋይሉ ጊዜው ገና አልደረሰም ይልዎታል። ሰው ይህን ሲያይ ኢንተርኔቱን ይወቅሳል።

ዓመቱንም ይዩት። ለጥገና በመጣ ማሽን ላይ በእኛ አቆጣጠር 2018 ተሞልቶ፣ ሰዓቱም በእኛው 3 ሰዓት ተብሎ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ባዮስ ላይ የሚሞላው በፈረንጁ ነው።

ጀሞ_ቴክ፦

የሰበታው አመሰግናለሁ፣ የኤንቲኤፍኤሱን ነገር አላወቅኩም ነበር። መምህርት፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) መግዣ በጀት ከሌላችሁ አሮጌ ላፕቶፕ ፈልጊ። ባትሪው ትንሽ እንኳ የሚይዝ ከሆነ ለአጭር መቋረጥ ይበቃል። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ሎግኢንድ ኮንፊግ ውስጥ የክዳኑን መስመር ኢግኖር አድርጊው።

መምህርት ከኮዬ፦

እናንተ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ልክ ነው፣ ኤንቲኤፍኤስ ነበር። የዲስኩን ፋይል የሒሳብ ክፍሉ ባለው ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጬ ወደ ኢኤክስቲ4 ቀየርኩት። ከዚያ በኋላ የፈቃዱ ትእዛዝ ወዲያው ሠራ፣ መጫኛውም አለፈ። ኖፌይልና አዲሱን ዩዩአይዲ አስገብቼ፣ ዲስኩን ሆን ብዬ ነቅዬ ማሽኑን አስነሳሁት። ተነሳ! ባትሪዋም ሞታ ነበር፣ ቀይሬያታለሁ።

የቀሩኝ ሁለት ናቸው። ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ የመምህራኑ ስልክ "የማይታመን ዶሜይን" የሚል ያመጣል። ደግሞ የገለበጥኳቸውን የድሮ ፋይሎች በቀጥታ ዲስኩ ላይ መለስኳቸው፣ ኔክስትክላውድ ውስጥ ግን አይታዩም።

ለገጣፎ24፦

የዶሜይኑ ቀላል ነው። ራውተሩ ለሰርቨሩ አዲስ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ሰጥቶታል፣ ኔክስትክላውድ ደግሞ ስትጭኚው የነበረውን አይፒ ብቻ ነው የሚያውቀው። ራውተሩ ውስጥ ገብተሽ አይፒ የሚታደልበት ዲኤችሲፒ የሚለው ጋ ለሰርቨሩ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) ቋሚ አይፒ ያዢለት። ከዚያ ያንኑ አይፒ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ትረስትድ ዶሜይንስ የሚለው ዝርዝር ላይ ጻፊው። የስልኮቹንም አፕ በእሱ አድራሻ አስገቢ።

የሰበታው፦

ጎሽ መምህርት፣ ነቅለሽ መሞከርሽ ትክክለኛ ሥራ ነው። ፋይሎቹ የማይታዩት ኔክስትክላውድ የፋይሎቹን ዝርዝር ዳታቤዝ ውስጥ ስለሚይዝ ነው። በጀርባ በኩል ዲስኩ ላይ የተቀመጠ ፋይል መዝገቡ ላይ የለም። ዳታ ፎልደሩ ውስጥ በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስም ፎልደር አለ፣ በውስጡ ፋይልስ የሚል ደግሞ አለ። የድሮዎቹን እዚያ ውስጥ አስገቢያቸው። ቀጥሎ ባለቤታቸውን ወደ አፓቼ ተጠቃሚ ቀይሪ፣ በሩት ስለገለበጥሻቸው ይህን ከዘለልሽ መምህራኑ ከፍተው ማስተካከል አይችሉም። ከዚያ ኦሲሲ የሚባለውን የኔክስትክላውድ ትእዛዝ በአፓቼ ተጠቃሚ ስም አስነሺና ፋይሎቹን መዝገቡ ላይ እንዲያስገባ ፋይልስ ስካን ኦል በዪው። በሩት ካስነሳሽው አይቀበልሽም። ፋይሉ ብዙ ከሆነ ይቆያል፣ መሀል ላይ አታቋርጪው። የፈተና ፎልደሮቹን ግን በአንድ መምህር ስም አስገብተሽ ለሚመለከታቸው ብቻ ሼር አድርጊ፣ ለሁሉም በሚታይ ቦታ አታስቀምጪያቸው።