በኦክቶበር ብቻዬን ወደ ቺንኬ ቴሬ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሮም ሲሆን፣ በኦክቶበር አጋማሽ ለአራት ቀናት ብቻዬን በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ በሊጉሪያ ጠረፍ የሚገኙትን አምስቱን የቺንኬ ቴሬ መንደሮች ለማየት አስቤአለሁ። ለብቻዋ ለምትጓዝ ሴት የት ማረፍ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመንደሮቹ አቅራቢያ ባለችው ከተማ በላ ስፔዚያ ቢያርፉ እመርጣለሁ፤ ከዚያ ተነስቶ አምስቱንም መንደሮች እያገናኘ ከመንደሮቹ ማዶ እስካለችው ከተማ እስከ ሌቫንቶ የሚዘልቅ ባቡር ስላለ መኪና አያስፈልግዎትም። ከአምስቱ መንደሮች አንዱ የሆነው ኮርኒሊያ ግን ከባቡር ጣቢያው እስከ መንደሩ ከ370 በላይ ደረጃዎች ስላሉት ሻንጣ ይዘው አይሞክሩት።

ሌላ መልስ፦ ስለ ዝናቡ አደራ እላለሁ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2011 ከአምስቱ መንደሮች ሁለቱን፣ ቬርናጻንና ሞንቴሮሶን፣ ጎርፍና ጭቃ አጥለቅልቆ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ በመንደሮቹ መካከል ያሉት የእግር መንገዶች ስለሚዘጉ፣ በየማለዳው የቺንኬ ቴሬ ብሔራዊ ፓርክን ማስታወቂያ ሳያዩ አይውጡ፤ የሚሄዱበትንም መንገድ ለማረፊያዎ ባለቤት ይንገሩ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ማረፊያዬን ላ ስፔዚያ አደርጋለሁ።