ታናሽ ወንድሜ ኪስ ውስጥ ኪኒን አገኘሁ፣ ቦክስ ላይ ዶፒንግ እውነት ይሠራል? ምርመራውስ ይይዛል?

የከዚራዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ነው ያለሁት። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ ቦክስ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ በ60 ኪሎ ነበር የሚጫወተው አሁን ግን 57 ላይ ክፍት ቦታ አለ ተብሎ ኪሎ እየቀነሰ ነው። ባለፈው ሳምንት ጃኬቱን ላጥብለት ኪሱን ስፈትሽ ሁለት ነገር አገኘሁ፣ አንዱ የላሲክስ ካርድ ነው ከአስሩ አራቱ ተፈልቅቀው ወጥተዋል፣ ሌላው ስም የሌለው በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ኪኒን ነው። ስጠይቀው የጂም ጓደኛው ከታይዋን ገበያ ገዝቶ እንደሰጠው ነገረኝ፣ "ጉልበት ነው፣ ሁሉም ይወስዳል፣ ድሬ ድረስ መጥቶ ማን ይመረምረኛል" አለኝ።

ማታ ማታ በዚህ ሙቀት ላስቲክ ለብሶ ሁለት ሹራብ ደርቦ ይሮጣል። ሲመለስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ውሃ አፉ ውስጥ አጉመጥምጦ ይተፋዋል እንጂ አይውጥም። ትናንት ሌሊት ባቱን ይዞት ሲጮህ ነው የነቃሁት፣ እግሩ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። እናቴ አታውቅም።

ጥያቄዬ፣ ቦክስ የብልሃት ስፖርት ነው ይባላል፣ ታዲያ መድኃኒት ምን ይጨምርለታል? ምርመራውስ እውነት ይይዛል ወይስ ወንድሜ እንደሚለው ነው? የምታውቁ ንገሩኝ፣ በደንብ ካላስረዳሁት አይሰማኝም።

ግራኙ፦
እህቴ እኔ ስድስት ዓመት ተጫውቻለሁ፣ አሁን አቁሜ ባጃጅ ላይ ነኝ። አይሠራም ብለሽ እንዳትነግሪው፣ ውሸት መሆኑን ስለሚያውቅ ሌላውንም አያምንሽም። ይሠራል። ግን እሱ በሚያስበው መንገድ አይደለም።

ቡጢ ከእግር ነው የሚነሳው፣ ዳሌ ይዞራል ትከሻ ይከተላል፣ ይሄንን ኪኒን አያስተምርም። መድኃኒቱ የሚሰጠው ልምምድ ላይ ነው። ማክሰኞ ከባድ ስፓሪንግ (ጂም ውስጥ የልምምድ ግጥሚያ) የገባ ልጅ ረቡዕ ጠዋት እጁን አንስቶ ፀጉሩን ማበጠር ያቅተዋል፣ ስቴሮይድ የሚባለውን ጡንቻ ማሳደጊያ የወሰደው ግን ረቡዕም ይደግማል ሐሙስም ይደግማል፣ ሁለት ወር እንዲህ ከሄደ ሪንግ ላይ ሲገናኙ እኩል አይደሉም። በፈረንጅ 1996 የወጣ ታዋቂ ጥናት አለ፣ በሳምንት 600 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ለ10 ሳምንት ለሰዎች ሰጥተው፣ ምንም ስፖርት ያልሠሩት እንኳ ከ3 ኪሎ በላይ ሥጋ ጨመሩ፣ መድኃኒት ሳይወስዱ ብረት ያነሱት ደግሞ 2 ኪሎ ገደማ፣ ሁለቱንም ያደረጉት 6 ኪሎ። ቁጭ ብሎ የወሰደው ላቡን ካፈሰሰው በለጠ ማለት ነው!

ሌላው ትንፋሽ ነው። ኢፒኦ የሚባለው ቀይ የደም ሴል ያበዛል፣ ኦክስጅን የሚሸከመው እሱ ነው፣ መጨረሻ ዙሮች ላይ ሌላው አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ያኛው ገና ይዘላል። ሼን ሞስሊ በ2003 (በፈረንጅ) ኦስካር ደላሆያን ሲያሸንፍ ሦስቱም ዳኞች 115 ለ 113 ነው የሰጡት፣ በአንድ ዙር የምትገለበጥ ውጤት ናት። በኋላ ባልኮ የሚባለው ላብራቶሪ ሲፈተሽ ነው ሞስሊ ለዚያ ግጥሚያ ሲዘጋጅ ኢፒኦና ስቴሮይድ መውሰዱ የወጣው፣ እሱ ሕጋዊ ማሟያ መስሎኝ ነው ብሏል። የግጥሚያው ምርመራ ግን አልያዘውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሯጭ ቢያጭበረብር ሜዳልያ ነው የሚሰርቀው። ቦክሰኛ ሲያጭበረብር ሌላ ሰው ጭንቅላት ላይ ነው። ራያን ጋርሲያ ሚያዝያ 2024 ላይ ዴቪን ሄኒን ሦስቴ ጥሎታል፣ ኪሎውንም አልጠበቀም ነበር፣ ከግጥሚያው በኋላ ኦስታሪን የሚባል ጡንቻ ማሳደጊያ ተገኘበትና ውጤቱ ተሰረዘ፣ አንድ ዓመት ታገደ። ወረቀቱ ተስተካከለ፣ ሄኒ የበላውን ቡጢ ግን ማን ያወጣለታል?

ከጁገል ፋርማሲ፦
ሐረር ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ላሲክስ፣ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ነው፣ ዛሬውኑ ይቁም። የልብ ድካም ላለበትና ሰውነቱ ውሃ ለቋጠረ ሕመምተኛ የሚታዘዝ ነው፣ ጤነኛ ልጅ ሲወስደው ከውሃው ጋር ፖታሲየሙም ይወጣል፣ ሌሊት ባቱን የያዘው ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል፣ ልብም ጡንቻ ስለሆነ ምቱ ሊዛባ ይችላል። ነገ ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ደሙን ይታይ፣ ምን እንደወሰደ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ስም የሌለውን ኪኒን እኔ ከዚህ ሆኜ ምን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም፣ ማንም አይችልም፣ የሸጠው ልጅም አያውቀውም።

ምርመራውን በተመለከተ፣ ላሲክስ በውድድር ጊዜም ከውድድር ውጭም የተከለከለ ነው፣ ኪሎ ስለሚቀንስ ብቻ ሳይሆን ሽንትን አቅጥኖ ሌላ መድኃኒት ስለሚደብቅም ነው። ሽንት ሲወሰድ ተቆጣጣሪው ፊት ለፊት እያየ ነው፣ ሁለት ጠርሙስ ላይ ይከፈላል ኤ እና ቢ ይባላሉ፣ ኤው ላይ ከተገኘ ስፖርተኛው ቢው ይከፈትልኝ ማለት ይችላል።

አንዳንዱ ነገር በቀላሉ ይያዛል። ናንድሮሎን የሚባለውን ስቴሮይድ የተወጋ ሰው ከወራት በኋላም ሊገኝበት ይችላል። ኦስታሪን ጥቂቷም ትታያለች። አስቸጋሪው ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነው። ቴስቶስትሮን ሁላችንም ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ኤፒቴስቶስትሮን ከሚባለው ጋር ያለው ምጣኔ ነው የሚታየው፣ ከ4 ለ 1 በላይ ከሆነ ያጠራጥራል፣ ከዚያ የካርቦኑ ዓይነት ተለይቶ ከውጭ የገባ ይሁን ሰውነት የሠራው ይታወቃል። ኢፒኦ ደግሞ በትንሽ በትንሹ ከተወሰደ በጥቂት ቀን ውስጥ ከሽንት ይጠፋል፣ ሥራው ግን ደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ለዚህ ነው በፈረንጅ ከ2009 ጀምሮ ባዮሎጂካል ፓስፖርት የመጣው፣ መድኃኒቱን መፈለግ ትቶ የአንድን ስፖርተኛ ደም ለዓመታት እየተከታተለ ለውጡን ማየት።

ስለዚህ የግጥሚያው ቀን ብቻ የሚደረግ ምርመራ የሚይዘው ያልተጠነቀቀውን ነው። ዋናው ሳይነገር በር አንኳኩቶ የሚመጣው ነው። ሜይዌዘርና ፓኪያው መጀመሪያ ሊገጥሙ ሲሉ የተጣሉት በዚሁ የድንገት የደም ምርመራ ነው፣ ያ ግጥሚያ ስንት ዓመት ተጓትቶ በፈረንጅ 2015 ላይ ሆነ። ጃሬል ሚለርን አስቢው፣ ሰኔ 2019 ከአንቶኒ ጆሽዋ ጋር ሊገጥም ነበር፣ ቫዳ የሚባለው ድርጅት ከግጥሚያው በፊት ሲመረምረው ኢፒኦም የእድገት ሆርሞንም ሌላ ሦስተኛ ነገርም ተገኘበት። በሱ ቦታ አንዲ ሩይዝ ገባና ጆሽዋን አራቴ ጥሎ በ7ኛው ዙር ጨረሰው። እንዲህ ያለ ምርመራ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ትልልቆቹ ብቻ ናቸው የሚያገኙት፣ ሥር ያሉት ልጆች ሳይጠበቁ ይደበደባሉ፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ድሬ ነዋሪ፦
እኔ ግን ሁሉም የሚወስድ ከሆነ ለምን አይፈቀድም እላለሁ? እኩል ይሆናሉ። ካኔሎ በክሌንቡተሮል ተይዞ ስድስት ወር ብቻ ታግዶ ተመልሶ መጥቶ ከጎሎቭኪን ጋር ገጠመ። ሀብታም ይማራል ደሃ ይቀጣል፣ ነገሩ ይሄ ነው።

ግራኙ፦
ወንድሜ በቅጣቱ እስማማለሁ ትንሽ ነበር፣ ካኔሎ የሜክሲኮ ሥጋ ነው ያለው፣ እዚያ ከብት ማድለቢያ ላይ ክሌንቡተሮል መጠቀማቸው እውነት ነው፣ ግን ቅጣቱን ደሃውም እንደዚያ ሊያገኘው ይገባል። ይፈቀድ ላልከው ግን እኩል አይሆኑም። አንዱ ሐኪም ቀጥሮ ደሙን እያስመረመረ ይወስዳል፣ የኛ ልጅ በላስቲክ የተቋጠረ ይውጣል። ደግሞ ሁለቱም ከበረቱ ሁለቱም የሚበሉት ቡጢ ይብሳል፣ የራስ ቅል በመርፌ አይወፍርም።

ኮች ከሳቢያን፦
ልጄ ጽሑፍሽን ሳነብ የስንቱ ልጅ ፊት መጣብኝ። ማን ይመረምረኛል ያለውን እንዲተው ንገሪው። በፈረንጅ 2016 የዓለም አትሌቲክስ አገራችንን ከኬንያና ከሞሮኮ ጋር አስጠንቅቆ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩ ተጠናክሯል፣ በሩጫ ተጀመረ እንጂ ሌላውንም ስፖርት ይመለከታል። "አላወቅሁም፣ ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ" ማለትም አያወጣም፣ ሰውነትህ ውስጥ ከተገኘ ተጠያቂው አንተ ነህ፣ ሕጉ እንደዚያ ነው።

እዚህ ምሥራቅ ላይ ደግሞ ማንም ዶፒንግ ብሎ የማይቆጥረው ነገር አለ፣ ጫት። ውስጡ ያለው ካቲን የሚባል አነቃቂ የዋዳ (የዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት) የክልክል ዝርዝር ላይ አለ፣ ሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው፣ ሌላው ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። የውድድር ጊዜ የሚባለው ከዋዜማው ምሽት 5:59 ጀምሮ ነው። ከሰዓት በርጫ ላይ ከጓደኞቹ ጋር የተቀመጠ ልጅ ጠዋት ሪንግ ሲገባ ያው ዝርዝር ላይ ነው ማለት ነው። ትራማዶልም ከ2024 ጀምሮ በውድድር ጊዜ ታግዷል፣ እጄን አመመኝ ብለው የሚውጡት ብዙ ናቸው። ዴክሳ እንዲሁ፣ የጉንፋን መድኃኒትም አንዳንዱ ኤፌድሪን አለው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመዋጡ በፊት ይጠይቅ።

ኪሎውን በተመለከተ፣ 60 ላይ የሚመቸውን ልጅ 57 ላይ ማድረቅ እኔ አልወደውም። ፕሮፌሽናሎቹ ተመዝነው አንድ ቀን አላቸው፣ ይጠጣሉ ይበላሉ። አማተር ላይ ግን ጠዋት ተመዝነህ በዚያው ቀን ትገጥማለህ፣ ውሃው ሳይመለስ ጭንቅላት ላይ ቡጢ መቀበል ነው። እኔ በወጣትነቴ 3 ኪሎ በሁለት ቀን አውርጄ ገብቼ ሁለተኛው ዙር ላይ የዳኛውን ጣት ስንት እንደሆነ መቁጠር አቅቶኛል፣ ያን ቀን ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ የማውቀው ሰው ነግሮኝ ነው። አሰልጣኙን ሄደሽ አነጋግሪው፣ ታላቅ እህት ነሽ ያከብርሻል።

የከዚራዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ስልኬን ሰጥቼው ቁጭ ብሎ ሁሉንም አነበበው። ስለ ኢፒኦና ስለ ሚለር ያለውን ዝም ብሎ አለፈው፣ ሄኒ ጋ ሲደርስ ቆመ። "እኔ እኮ መምታቱን ነው የማስበው" አለኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ያ ኪኒን የሰጠው ጓደኛው ስፓሪንግ አጋሩ መሆኑን ነገረኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ራሱን የሚያመው ከሱ ጋር ከገባ በኋላ ነው። ይሄን ደብቆኝ ነበር።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስጄው ደም ሰጥቷል፣ ላሲክሱን እኔ ጋ አስቀምጬዋለሁ፣ ነጩን ኪኒን ለሐኪሙ አሳየሁት። ከሰዓት አሰልጣኙ ጋ አብረን ሄደን በ60 እንዲቀጥል ጠየቅን፣ ቅር ብሎታል ግን እሺ አለ። ወንድሜ አሁን ሁለት ሊትር ውሃ አጠገቡ አስቀምጦ ተኝቷል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጎቶቼ ጋር ይቅማል፣ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ ከመቼ ጀምሮ ይተው?

ከጁገል ፋርማሲ፦
ከዚህ ቅዳሜ። የሚወጣበት ሰዓት እንደ ሰዉና እንደ ቃመው መጠን ስለሚለያይ ቀን ቆጥሮ መጫወት አያስፈልግም። ለአጎቶቹም አንቺ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ እሱ ብቻውን እምቢ ማለት ይከብደዋል። የደሙ ውጤት ሲመጣ የፖታሲየሙን ቁጥር ጻፊልኝ።