ቁንጅና በመርከብ ቢለካ ምን ችግር አለው?

መቅዘፊያ፦ እስቲ ተከራከሩ። ቁንጅናን በቀልድ መለካት ነውር ነው ወይስ አይደለም? ለማያውቁት፣ “ሄለን” የሚባል የፌዝ መለኪያ አለ። በግሪክ አፈ ታሪክ የትሮይዋ ሄለን ፊቷ 1,000 መርከብ ለጦርነት አስነሳ ይባል የለ? እንግዲህ 1 ሄለን ማለት 1,000 መርከብ የሚያስነሳ ቁንጅና ነው። ሚሊሄለን ደግሞ የዚያ ሺኛ እጅ፣ አንዲት መርከብ ብቻ። እኔ ነውሩ አልታየኝም።

ቆጣሪው፦ ነውሩን ተወውና ስሌቱ ራሱ አይሰራም። “ፊቷ 1,000 መርከብ አስነሳ” የሚለው አባባል የማርሎው ነው፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ተውኔት ጸሐፊ። የጦርነቱን ታሪክ በግጥም የተረከው የጥንቱ ግሪካዊ ሆሜር የዘረዘራቸው መርከቦች ሲደመሩ 1,186 ይመጣሉ። ደግሞስ ያስነሳቸው ፊቷ ነው እንዴ? በአፈ ታሪኩ፣ ሊያገቧት የመጡት ሁሉ ለባልነት የሚመረጠውን ሰው ሊረዱ አስቀድመው ምለው ነበር። አንተ የምትለካው መሐላውን ነው ወንድሜ።

ሳቂታ፦ ኔጌቲቭ ሄለንም አለ እኮ፣ መርከብ የሚያሰምጥ። እኔ ጠዋት ጠዋት እዛ ሰፈር ነኝ ሃሃሃ

እንጃ፦ ሳቁ እናንተ። ፍራንሲስ ጋልተንን ታውቁታላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1883 ዩጀኒክስ የሚለውን ቃል ያወጣው እንግሊዛዊ ሰውዬ ነው፤ የሰውን ዘር እየመረጡ በማዋለድ “እናሻሽል” የሚለው አስተሳሰብ። በመንገድ የሚያልፉትን ሴቶች ቆንጆ፣ መካከለኛ፣ አስቀያሚ እያለ የያዘውን ወረቀት በመርፌ ይበሳ ነበር፣ የብሪታንያን የቁንጅና ካርታ ሊሰራ። ለንደን አንደኛ ወጣች፣ የስኮትላንዷ አበርዲን መጨረሻ። መለካት ከተጀመረ ማረፊያው እዚህ ነው።

መቅዘፊያ፦ ልዩነቱ ጋልተን የምሩን ነበር። ሄለን ሙድ የሚይዘው በቆንጆና በመልከ ጥፉ ላይ አይደለም፣ በለኪዎቹ ላይ ነው። የሚያስጠላው “ከ10 ስንት ትሰጣታለህ” የሚባለው ነው፤ ሳይንስ ስለሚመስል ሰው ያምነዋል። “ዛሬ 40 ሚሊሄለን ሆነሻል” ብትባል ግን ማን አምና ታለቅሳለች? 40 መርከብ እኮ ቀላል አይደለም።

እንጃ፦ ከ10 አልክ አይደል። ዘጠነኛ ክፍል ሆነን፣ ወንዶቹ ከደብተር በገነጠሉት ወረቀት ላይ ስማችንን ጽፈው ነጥብ ሰጡን። ወረቀቱ ከኋላ ወንበር እየዞረ እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። 4 ነበር የተሰጠኝ። ያውም መጀመሪያ 5 ተጽፎ፣ ተሰርዞ። እነሱም ቀልድ ነው ብለው ነበር። በመርከብ ቢሆን ኖሮ አይሰርዙም ነበር?

ቆጣሪው፦ ይሰርዙ ነበር። ቁጥር ካለ ስርዝ አይቀርም።

መቅዘፊያ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ያዛችሁኝ። እንግዲያው ሰው ራሱን ብቻ ይለካ። ለኔ ግማሽ ሚሊሄለን ትበቃኛለች።

ሳቂታ፦ ግማሽ መርከብ እኮ ገና ወደቡ ላይ ነው የምትሰምጠው!