ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ ለመሠረት ይሆናል?

የሄርማታው
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ላይ ቤት እያሠራሁ ነው። ትናንት ለመሠረት ሁለት ገልባጭ ጥቁር ድንጋይ መጣልኝ። ግማሹ ድፍን፣ ከባድ፣ መዶሻ የሚመልስ ነው። ግማሹ ግን ልክ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ነው። አንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ነጭ ነገር ሞልቶበታል። ሁለቱም ከአንድ ካባ ነው የወጡት፣ ሲጫን ቆሜ አይቻለሁ። ግንበኛው «ያው ድንጋይ ነው፣ ችግር የለውም» ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ «የበሰበሰ ነው፣ መልሰው» አለኝ። እናቴ ከቀዳዳው ክምር ትልቅ ጠፍጣፋ መርጣ «ይቺን ለወፍጮ አትንኩብኝ» ብላ ለብቻ አስቀመጠች። ማንን ልስማ? ገንዘቡ ወጥቷል፣ ነገ ሥራ ይጀመራል። እባካችሁ የምታውቁ።

ጂኦሎጂ ያጠናሁ
ወንድሜ፣ የእንጀራ ዓይን ያልከው ራሱ መልሱ ነው። ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ምጣድ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ እንጀራው ቶሎ ሲበስል መውጫው ዓይን ሆኖ ይቀራል። ላቫም፣ ከእሳተ ገሞራ የሚፈሰው የቀለጠ ድንጋይ፣ እንደዚያው ነው። ከመሬት በታች የቀለጠው ድንጋይ፣ ማግማ የምንለው፣ የውሃ እንፋሎትና ሌላ ጋዝ በውስጡ ሟሙቶ ይዟል። ወደ ላይ ሲመጣ የተጫነው ክብደት ስለሚቀልለት ጋዙ አረፋ ይሆናል፤ የለስላሳ ጠርሙስ ስትከፍት የምታየው ነው።

እንግዲህ ላቫው 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኖ ሜዳ ላይ ሲፈስ የላይኛው ፊቱ አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይደርቃል፣ አረፋውም እዚያው ታፍኖ ይቀራል። መሃሉ ቀስ ብሎ ስለሚበርድ ጋዙ የማምለጫ ጊዜ ያገኛል፣ ድንጋዩም ድፍን ይሆናል። ከአንድ ካባ ሁለቱም የወጡልህ ለዚህ ነው። ሁለቱም ባዛልት ናቸው፣ የአንድ እናት ልጆች።

ነጩ ነገር በኋላ የመጣ ነው። ድንጋዩ ከበረደ በኋላ በስንጥቁ የሰረገ ውሃ ማዕድን እየተወ ቀዳዳውን ሞላው። ፍቀህ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርግበት። አረፋ ካወጣ ካልሳይት የሚባለው ማዕድን ነው።

ብዙው የኢትዮጵያ ደጋ እንዲህ ባለ የላቫ ድርብርብ የተሠራ ነው፤ አብዛኛው የፈሰሰው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ቡናችን የበቀለበት ቀይ አፈርም ከዚሁ ድንጋይ ነው የመጣው። ዝናብና ሙቀት አፈረሰው፣ በውስጡ ያለው ብረት ዛገ፣ አፈሩ ቀላ። ይሄን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል።

20 ዓመት ግንበኛ
ቀዳዳና ብስባሽ አንድ አይደለም። ብስባሽ በመዶሻ ነው የሚታወቀው። ጤነኛ ድንጋይ ስትመታው ቅጭል ይላል፣ የበሰበሰው ድብ ይላል። ጠርዙ ቡናማ ወይም ቢጫ ሆኖ እንደ ሽንኩርት ልጥ ልጥ የሚልም አለ፣ ያንን ቀዳዳ ኖረው አልኖረው ወዲያ በለው።

ጤነኛውን ዓይናማ ድንጋይ ግን እወደዋለሁ። ፊቱ ሻካራ ስለሆነ ማልታ ይነክስበታል። ከወንዝ የወጣ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ማልታ እንዴት እንደሚላጥ አይቼ አዝኛለሁ። ችግሩ ውሃ ነው። የእኛ አገር ዝናብ ታውቀዋለህ፣ መሬቱ ወራቱን ሙሉ ርጥብ ነው። ዛሬ ማታ አንድ አንድ ከየዓይነቱ መዝን፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድር፣ ጠዋት ጠርገህ ደግመህ መዝን። ብዙ የጠጣውን መሬት ውስጥ አትቅበር። ድፍኑን ከታች፣ ዓይናማውን ከመሬት በላይ አድርግ። ግንበኛህንም ክምሩን ሳይለይ እንዳይጀምር ንገረው።

የልጆች እናት
ልጄ፣ እናትህን ስማ። የወፍጮ ድንጋይ ዓይን ከሌለው እህሉ ይንሸራተታል። ድፍን ድንጋይ ብትወቅረው በጥቂት ጊዜ ልግ ይላል፣ እንደገና መወቀር ነው። ዓይናማው ግን እየተበላ ሲሄድ ከሥሩ ሌላ ዓይን ይከፈታል፣ የዓይኑ ጠርዝ ነው እህሉን የሚቆርጠው። የእናቴ ወፍጮ መሃሉ ጎድጉዶ እንደ ገበታ ሆኗል፣ ዛሬም በርበሬ ይፈጫል። መጁ ድፍን ቢሆንም ግድ የለም።

ነጭ የሞላበትን ግን ለወፍጮ እንዳትመርጡ። እየተፈረፈረ ዱቄት ውስጥ ይገባል። አዲስ የተወቀረም ብናኝ ስለሚተፋ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ እህል ፈጭታ ትድፋው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከወንዝ ዳር የመጣ ርጥብ ድንጋይ ጉልቻ እንዳታደርጉ። አንድ ጊዜ ለድግስ ከውጭ ጉልቻ ጎልተን፣ ድስቱ ገና ሲንተከተክ አንዱ ድንጋይ ጧ ብሎ ፈነዳ። ወጡ ተደፋ፣ ፍንጣሪው የእህቴን ልጅ እግር ቆረጠው። እግዜር ነው ዓይኑን ያተረፈው።

ጂኦሎጂ ያጠናሁ
እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ትልቅ ነገር ነው የነገሩን። ምክንያቱም ይሄው ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ የገባ ውሃ እንፋሎት ሲሆን መውጫ ካጣ ይሰነጥቀዋል።

ከቦሳ
እኔም ልጠይቅ። የብሎኬቱ ነጣ ያለ ቀላል ድንጋይስ? ግራናይትስ ከዚሁ ዘር ነው?

ጂኦሎጂ ያጠናሁ
አዎ፣ ሁሉም ከቀለጠ ድንጋይ የተወለዱ ናቸው። የብሎኬቱ ፑሚስ ነው፣ ከስምጥ ሸለቆ ይመጣል። ላቫው ሲሊካ፣ መስታወት የሚሠራበት ንጥረ ነገር፣ ስለሚበዛበት እንደ ሙጫ ወፍራም ነው፣ ጋዙም ቶሎ አይለቀውም። ሲፈነዳ ሁለመናው አረፋ ይሆናል፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ያው ዓይነት ላቫ ጋዙ ወጥቶለት ቶሎ ሲበርድ ደግሞ ባልጩት ይሆናል፣ ቆዳ ፋቂዎች የሚስሉት ጥቁር መስታወት።

ግራናይት ከላይ አይፈስም። ጥልቀት ውስጥ እጅግ በዝግታ ስለሚበርድ ቅንጣቶቹ በዓይን የሚታዩ ሆነው ያድጋሉ። የአክሱም ሐውልቶችም ግራናይት ይባላሉ እንጂ የቅርብ ዘመዱ ከሆነው ሳይናይት ናቸው፤ ትልቁ 33 ሜትር ገደማ ነበር። ላሊበላ ግን የተፈለፈለው ከዓይናማ ባዛልት ነው። ለመሮ እሺ ይላል፣ ግን ውሃ ይጠጣል። ለዚህ ነው ዝናቡ የሚያሳስበው።

የሄርማታው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዳላችሁኝ አሳደርኩት። ድፍኑ ሚዛኑን ምንም አላነቃነቀም። ዓይናማው ትንሽ ጨመረ። ከክምሩ ሥር ያገኘሁት ቡናማ ጠርዝ ያለው ግን በጣም ጠጥቶ ነበር፣ በእጄም ተፈረፈረ። ሦስት ቦታ ለየሁት፣ ብስባሹ ከጠቅላላው ጥቂት ነው፣ መልሱልኝ ብያለሁ። ሥራው በአንድ ቀን ተገፋ። የእናቴን ድንጋይም አየሁት፣ ነጭ የለበትም፣ አቮካዶው ሥር አስቀምጣዋለች። ጅማ ውስጥ ወፍጮ የሚወቅር ሰው የት እንደማገኝ የምታውቁ ንገሩኝ።