ሳውዝ ካሮላይና የተገነጠለችው ስለ ምን ነበር? ከደሴ የቀረበ ጥያቄ

የደሴው መምህር፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በደሴ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳስተምር አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ደቡቦቹ የተዋጉት ለግዛታቸው መብት ነው ወይስ ለባርነት? በስልክ ያየሁት ሰውዬ ስለ ባርነት አልነበረም ይላል» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ ስጀምር ደወሉ ተደወለና ነገሩ በእንጥልጥል ቀረ። እነዚህ ልጆች በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በከተማቸው ሲያልፍ በዓይናቸው ያዩ በመሆናቸው፣ አንድ ጦርነት ስለ ምን እንደ ተካሄደ ሲጠይቁ ከልባቸው ነው፤ እኔም ለይድረስ ይድረስ ልመልስላቸው አልፈልግም። ስለዚህ ከደቡብ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ከአሜሪካ በተገነጠለችው በሳውዝ ካሮላይና ላይ ብቻ አተኩሬ ላስረዳቸው አስቤአለሁ። ግዛቲቱ ከባርነት ጋር እንዲህ የተቆራኘችው ከምን ተነሥታ ነው? የምታውቁ ብታግዙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የጥጥ ሠራተኛ ከኮምቦልቻ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙ ሰው ከጥጥ ይጀምራል፤ ነገሩ ግን የሚጀምረው ከሩዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1670 ቅኝ ግዛቲቱ ስትቆረቆር ከሰፋሪዎቹ መካከል ከባርባዶስ ደሴት የመጡ ባለ እርሻዎች ነበሩ፤ እነርሱም በሸንኮራ እርሻ የለመዱትን የባርነት ሥርዓት ከነሕጉ ይዘው መጡ። የባሕሩ ዳርቻ ረግረግና ወባማ ስለነበር ለሩዝ ተስማማ፤ ሩዝ ማብቀል የሚያውቁ አፍሪካውያንም ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ እየተጋዙ በቻርለስተን ወደብ ተሸጡ። ግድቡን የሚገድቡት፣ ጭቃ ውስጥ ቆመው የሚያርሙት፣ ከአጨዳ በኋላም እንደኛው አገር በእንጨት ሙቀጫና በዘነዘና የሚወቅጡት እነርሱ ነበሩ። ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በቅኝ ግዛቲቱ ከነጮች ይልቅ ጥቁሮች በዝተው ነበር፤ የጌቶቹ ፍርሃትም ከዚህ ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ1739 በስቶኖ ወንዝ አጠገብ ባሮች መሣሪያ ነጥቀው ነጻነት ወደሚገኝባት የስፔን ፍሎሪዳ መጓዝ ሲጀምሩ፣ አመፁ በደም ተገታ፤ በማግስቱ ዓመትም ባሪያን ጽሕፈት ማስተማር በሕግ ተከለከለ።

ወደ ጥጡ ልምጣ። እናቴ ጥጥ የምትዳምጠው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ ነበር። ብረቱን በሁለት መዳፏ ስታንከባልለው ፍሬው ወደ ፊት እየፈነጠረ ይወጣል፣ ጥጡ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ የሚቀናው ፍሬው ልሙጥ ሲሆን ነው፤ ጭረቱ ፍሬው ላይ የሚጣበቅ ዓይነት ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ተለፍቶበት የሚገኘው እፍኝ ነው። ሳውዝ ካሮላይናም ውስጥ ልሙጥ ፍሬ ያለው ረጅም ጭረት ጥጥ የሚበቅለው በባሕሩ ዳር ደሴቶች ብቻ ነበር፤ በመሐል አገር የሚበቅለው ግን የሚጣበቀው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1793 ኢላይ ዊትኒ በሽቦ ጥርስ ጥጡን ከፍሬው የሚነጥል መዳመጫ ሲሠራ ይህ ችግር ተወገደ፤ የጥጥ እርሻም ከባሕር ዳር ተነሥቶ ደጋማውን መሬት ሁሉ ያዘ። መሣሪያው የመዳመጡን ድካም አቀለለ፤ የሚዘራውንና የሚለቀመውን ግን አበዛው፤ ለቀማው ደግሞ በእጅ ስለነበር የባሪያ ፍላጎት ናረ። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1803 መጨረሻ የባሪያ ንግዱን ዳግመኛ ከፈተች፤ በፌዴራል ሕግ እስከሚዘጋበት እስከ 1808 መባቻ ድረስም ወደ 40,000 የሚጠጉ ሰዎች በቻርለስተን በኩል ገቡ። ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር ያች የእናቴ መዳመጫ ትታየኛለች።

አንባቢ ከሸዋ በር፦
በላይኛው ጽሑፍ ላይ ልጨምር። ለተማሪዋ ከሁሉ የሚሻለው መልስ የተገንጣዮቹ የራሳቸው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 በተደረገው ቆጠራ ግዛቲቱ ከነበራት 703,708 ሕዝብ 402,406ቱ ባሮች ነበሩ፤ ከመቶ 57 ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ታኅሣሥ 20 ቀን በቻርለስተን የተሰበሰበው ጉባኤ 169 ለ0 በሆነ ድምፅ መገንጠልን አጸደቀ፤ ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ምክንያቱን የሚዘረዝር መግለጫ አወጣ። መግለጫው በመጀመሪያ ስለ ግዛቶች ሉዓላዊነት ያትታል፤ ወደ አቤቱታው ሲደርስ ግን የሚያነሣው ባርነትን ነው። የሰሜን ግዛቶች ያመለጡ ባሮችን አንመልስም ማለታቸውን፣ ባርነትን ኃጢአት ብለው ማውገዛቸውን፣ ባርነትን የሚጠላ ሰው ፕሬዚዳንት እንዲሆን መምረጣቸውን ይከሳል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቹ እንዲያስተውሉ የምፈልገው አለ። የሰሜን ግዛቶች ያመለጠ ሰው አሳልፈን አንሰጥም ሲሉ በራሳቸው ሕግ በራሳቸው ምድር መወሰናቸው ነበር፤ ሳውዝ ካሮላይና ግን ይህን መብት በወንጀል ቆጠረችው። ያመለጡ ባሮች ተይዘው እንዲመለሱ የሚያዝዘው የ1850ው የፌዴራል ሕግ የሰሜኑን ነዋሪ ሁሉ ባሪያ አሳዳጅ ሲያደርገው ደቡቦቹ «የግዛት መብት ተነካ» አላሉም። እንግዲህ መብቱ የሚጠቀሰው ባርነትን ሲጠብቅ ብቻ ከነበረ፣ የጠቡ ሥር የት እንዳለ ግልጽ ነው። ጦርነቱም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1861 በቻርለስተን ወደብ በፎርት ሰምተር ምሽግ ላይ በተተኮሰው መድፍ ተጀመረ።

የደሴው መምህር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፦ «ተራው ወታደር ባሪያ ስላልነበረው ለባርነት አልተዋጋም» የሚሉኝ አሉ። ለዚህስ ምን ይባላል? ከጦርነቱ በኋላስ መሬቱ ለማን ሆነ?

አንባቢ ከሸዋ በር፦
በሳውዝ ካሮላይና ከነጭ ቤተሰቦች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ባሪያ ነበራቸው፤ ስለዚህ «ጥቂት ሀብታሞች ብቻ» የሚለው ለዚህች ግዛት አይሠራም። ባሪያ ያልነበረውም በሥርዓቱ ከጥቁሩ በላይ ይቆም ስለነበር የሚያጣው ነገር ነበረው።

ስለ ባሮቹ ሲወራ ግን ነጻነትን ቁጭ ብለው የጠበቁ አድርገን እንዳናቀርባቸው አደራ እላለሁ። ሮበርት ስሞልስ በቦፎርት ከተማ በባርነት የተወለደ የመርከብ ነጂ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1862 ገና ሳይነጋ፣ ነጮቹ መኮንኖች ከተማ ባደሩበት ሌሊት፣ ፕላንተር የተባለችውን የደቡቦቹን መርከብ ከባልደረቦቹና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ይዞ ተነሣ። የካፒቴኑን ባርኔጣ ደፍቶ፣ በየምሽጉ ሲያልፍ ትክክለኛውን የፊሽካ ምልክት እየሰጠ፣ በፎርት ሰምተር ሥር አልፎ ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ ለሰሜኑ ባሕር ኃይል ደረሰ። ይህን ታሪክ ለልጆች ስተርክ ሁልጊዜ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

መሬቱን በሚመለከት፣ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ሸርማን በ1865 መጀመሪያ በባሕሩ ዳርቻ ለነጻ ወጪ ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር፣ ማለትም 16 ሄክታር ያህል፣ እንዲከፋፈል አዝዞ ነበር። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ግን በዚያው ዓመት አብዛኛውን መሬት ለቀድሞ ጌቶች መለሰው፤ ነጻ የወጣውም ገበሬ የእኩል አራሽ ሆነ። የእኩል አራሽ ዕዳ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያሻም። በ1868 በወጣው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ጥቁሮች መረጡ፣ ተመረጡም፤ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሕዝብ ትምህርት ቤትም ተደነገገ። የፌዴራሉ ጦር እ.ኤ.አ. በ1877 ከግዛቲቱ ምክር ቤት ሲወጣ ሥልጣኑ ወደ ቀድሞዎቹ ነጭ ገዥዎች ተመለሰ፤ የ1895ቱም ሕገ መንግሥት የምርጫ ግብርንና የንባብ ፈተናን ሰበብ አድርጎ ጥቁሩን ከምርጫ አስወጣው። ለአምስት ጊዜ ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጠውና የቀድሞ ጌታውን ቤት ገዝቶ ይኖር የነበረው ያው ስሞልስ ይህን ሕገ መንግሥት ባወጣው ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ ተከራከረ፤ ድምፁ ግን ተሸነፈ፤ ሰነዱንም አልፈርምም አለ።