«ኦኬ» ከየት መጣ?

«ኦኬ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው» የሚለውን ወሬ ስንቴ ሰማሁት! በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማንም ሳይሞት ሲውል «ዜሮ ኪልድ» ብለው ይጽፉ ነበር፣ ዜሮዋ «ኦ» ስለምትመስል ኦኬ ሆነች ይላሉ። ታሪኩ ያምራል፣ ዓመቱ ግን አይገጥምም። ጦርነቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። ኦኬ ደግሞ ከዚያ 22 ዓመት ቀድሞ፣ ማርች 23 ቀን 1839 «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» ጋዜጣ ላይ ታትሟል።

ያኔ የቦስተን ጋዜጠኞች ቃል ማሳጠር ይወዱ ነበር፣ ልክ ዛሬ ልጆች ቴክስት ላይ እንደሚያደርጉት። ጨዋታው ደግሞ ፊደሉን ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። «ኦል ኮሬክት» ማለት «ሁሉም ልክ ነው» ማለት ነው። በደንቡ ከተጻፈ የመጀመሪያው ቃል በ«ኤ»፣ ሁለተኛው በ«ሲ» ይጀምራል። እነሱ ግን ጆሮ እንደሰማው በ«ኦ» እና በ«ኬ» ጻፉትና «ሁሉም ልክ ነው» የሚለው ራሱ አንድም ልክ የሆነ ፊደል አጣ! እኔን የሚያስደስተኝ ይሄ ነው። «ኦል ራይት»ንም በዚሁ መንገድ፣ በ«አር» የሚጀምረውን «ራይት» በ«ደብሊው» አስጀምረው፣ «ኦ ደብሊው» ብለውት ነበር፣ እሱ ተረሳ።

ኦኬን ከመረሳት ያዳነው ምርጫ ነው። በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ድጋሚ ሲወዳደሩ፣ የተወለዱት ኒውዮርክ ውስጥ ኪንደርሁክ በምትባል መንደር ስለሆነ ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ» አሏቸው። ፊደሎቹ ገጠሙ፣ «ኦኬ ክለብ» የሚባል ማኅበርም ተቋቋመ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ከሳቸው በፊት የነበሩት አንድሪው ጃክሰን ፊደል በቅጡ ስለማያውቁ ሰነድ ላይ «ኦኬ» ብለው ይጽፉ ነበር ብለው አስወሩ። ቫን ቡረን ተሸነፉ፣ ቃሉ ግን አገር ምድሩን አዳረሰ። ይህን ሁሉ ከድሮ ጋዜጦች ለቅሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዝርዝር ያሳተመው አለን ዎከር ሪድ የሚባል የቋንቋ ምሁር ነው።

«እሺ እያለን ኦኬን ምን አመጣው?» ለምትሉም፣ ሁለቱ አንድ ቦታ አይገቡም። «ኦኬ ነኝ» እንላለን፣ «እሺ ነኝ» ግን አይባልም። እሺ መስማማት ነው፣ ኦኬ ደህና መሆንንም ይይዛል። ደግሞ ትልቅ ሰው ሲያዝህ «እሺ» ትላለህ እንጂ «ኦኬ» ብትል ከአፍህ ሳይወጣ ይከብድሃል።